ሦስቱ ውሃ ጠሪዎችና አራተኛው ዓይነት ብልሽት

ልጄ የኮምፒውተርን ብልሽት በየዓይነቱ ለይታ ስታጠና፣ እግረ መንገዷን እኔንና ሁለት ጎረቤቶቼን ለይታ አስቀመጠችን። ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ማን ምን ዓይነት ብልሽት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኔ የትኛው እንደሆንኩ ቀስ ብዬ እናገራለሁ። አልቸኩልም፤ ስቸኩል ያየኝም የለም።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከመጨረሻ ልጄ ጋር። ሰንጋ ተራ ጸጉር ቤት ነበረኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደንበኞቼ ጆሯቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይቀመጡ ጀመር፤ እኔም ነገሩ ገባኝና መቀሴን አስቀመጥኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን የለቀምኩት ከደንበኛ ወሬና ደንበኛ ጥሎት ከሚሄደው ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ስለ ኮምፒውተር እዚህ የምጽፈው ልጄ እንደነገረችኝ ነው። የተሳሳተ ነገር ካለበት ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ውሃ በፈረቃ ይመጣል ይባላል። ፈረቃውን ግን ውሃው ራሱ የሚያውቀው አይመስለኝም። ሲመጣም ፎቅ ለመውጣት አቅም የለውም፤ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ወርዶ ነው የሚቀዳው። ታዲያ ከታች ሆኖ «ውሃ መጣ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ያስፈልጋል። የኛ ብሎክ ጠሪዎች ሦስት ነን። አንዷ ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ናት፤ ከሱቋ ጀርባ ቧንቧ አለ። ሁለተኛው ደረጃው ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ወሎዬው ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም አጠገቡ ቧንቧ አለው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ከሕንፃው ማዶ በኩል፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ካለው ቧንቧ ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ እውላለሁ። ሦስታችንም በየማዕዘናችን ስለሆንን አንተያይም።

መጀመሪያ ላይ ውሃ የመጣለት ሁሉ ዝም ብሎ ይጣራ ነበር። ቧንቧ ግን የሚታመን ነገር አይደለም። ያፏጫል፣ ይስላል፣ ቡናማ ነገር ይተፋል፣ ከዚያ እንደ ኩርፊያ ዝም ይላል። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ፉጨቱን ሰምቶ ተጣራና ብሎኩ ሁሉ ወረደ። አራተኛ ፎቅ ያለች ነፍሰ ጡር ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ደርሳ ደረቁን ቧንቧ አየችውና፣ «ይህን ልታሳዩኝ ነው ያወረዳችሁኝ?» አለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ የተጣራሁት እኔ ሳልሆን።

ከዚያ በኋላ ስምምነት አደረግን። ከሦስታችን ሁለታችን «መጣ» ካላልን ወደ ላይ አይጣራም። ውሃ የመጣለት ሰው ዞሮ ለሌሎቹ ይነግራል፤ ሁለተኛ ሰው «እኔም ጋ መጥቷል» ካለ ይጣራል። አለቀ። በዚህ ዓይነት ጥቂት ወራት ተስማምተን ኖርን።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ትሠራለች። ሥራዋ ለአፍታም መቆም የሌለባቸውን ኮምፒውተሮች መጠበቅ ነው። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል፣ «ቋሚ ትሆኚ እንደሆነ እንይሽ፤ ከሥራሽ አንድ ርዕስ መርጠሽ ፈታኞች ፊት አስረጂ» አሏት። ከፈታኞቹ ገሚሱ ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊልም ሲያይበት ብቻ ነው አለችኝ። ችግሩ ይህ አይደለም። ልጄ ብዙ ታውቃለች፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን ድምፅዋ ወደ ሆዷ ይወርዳል። ከዚህ በፊትም እንዲሁ አቁመዋት ጫማዋን ስታይ ቆይታ ተቀምጣለች። አሁንም እንደዚያ ከሆነች፣ ሐዋሳ ያለችው እህቷ ሥራ አግኝታላታለች፤ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። እኔ ከቴሌቪዥኑ ጋር እቀራለሁ። ይህን ስጋቴን ለእሷ አልነገርኳትም። ለልብስ ሰፊው ብቻ ነው የነገርኩት። እሱ ለሱቋ ባለቤት ነገራት፤ ልጄ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ካለችው ነፍሰ ጡር ሰማችው።

«አባዬ፣ አንተ ላይ ልለማመድ» አለችኝ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ። «አንተ ከገባህ ለማንም ይገባል።»

«ይሄ ምስጋና ነው ስድብ?»

«እንደፈለግክ ውሰደው።»

ጎረቤቶቼንም ጠራኋቸው። የሱቋ ባለቤት ብርጭቆ ሻይዋን ይዛ መጣች፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ልጄ ፊታችን ቆመች። መሬት መሬት እያየች የሆነ ነገር አጉረመረመች።

«ጸሎት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ።

«ዝም በል አንተ፣ ልጅቷን አታስደንግጣት» አለችው የሱቋ ባለቤት። «ልጄ፣ ጮክ በይ እስቲ። የገዛ ጀሪካናችንን አስመስለሽ ንገሪን።»

ይህን ስትል ልጄ ቀና አለች። «ጀሪካን፣ እትዬ? ጥሩ። ጀሪካንዎ ሥሩ ተሰንጥቋል እንበል። ስንጥቁ ብልሽት ነው። ባዶውን እስከተቀመጠ ድረስ ማንም አያየውም፣ ብልሽቱ ተኝቷል። ውሃ ሲሞላበት ይንጠባጠባል፤ ያ ስህተት ነው። ፎቅ ወጥተው ድስት ሊጥዱ ሲሉ ውሃ አለመኖሩ ደግሞ ውድቀት ነው። የኛ ሥራ ስንጥቁ ቢኖርም ድስቱ እንዲጣድ ማድረግ ነው።»

«ሌላ ጀሪካን አጠገቡ ማስቀመጥ ነዋ» አለች የሱቋ ባለቤት።

«እሱ ነው! በቃ እሱ ነው!» ልጄ ጮኸች። ወዲያው ግን የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣትና ወደ መሬቷ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ምሽት ብልሽትን በዕድሜው ከፋፈለችልን። አንዱ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው፤ መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ እንደሚሆነው፣ ፈልገህ አታገኘውም። አንዱ እየሄደ የሚመለስ ነው፤ ጠጋኝ ሲመጣ ጤነኛ ይሆናል፣ ጠጋኙ በር ሲዘጋ ይብሰዋል። ሌላው እስኪቀየር ድረስ የማይለቅ ቋሚ ብልሽት ነው።

«የሚመላለሰው እንደ እትዬ ወገብ ነው» አለ ልብስ ሰፊው። «ዕቃ ስናወርድ ይታመማል፣ ሰርግ ቤት ይድናል።»

«የማይለቀው ደግሞ እንዳንተ ምላስ» አለችው።

እኔም ዝም አላልኩም። «ልጄ፣ አንቺም ቋሚ ልሁን ብለሽ አይደል የምትለፊው? ምኑ ደስ አለሽ?» አልኳት። ሁለቱ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። አባት ሆኖ የመቀለድ ችግሩ ይህ ነው።

የመጨረሻው ትምህርት ግን የእኛው ነገር ሆነ። ብልሽት በጠባዩም ይለያል አለች። አንዱ ዓይነት ጭልጥ ብሎ ዝም የሚል ነው፤ ሞቷል፣ አይመልስም። ሁለተኛው አንዳንዱን ይዘላል፤ አንዱን መልእክት ያደርሳል፣ አንዱን ይረሳዋል። ሦስተኛው ትክክል ይናገራል፣ ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ። ይህን ብላ ሦስታችንን በየተራ አየችን። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ያ ነገር ከእኔ የወረሰችው ነው።

«ዝም የሚለው አባዬ ነው፤ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ይተኛል፣ ቧንቧው ቢፈስበትም አይሰማም። የሚዘለው እትዬ ነዎት፤ ደንበኛ ከመጣ ውሃውን ይረሱታል። ጋሼ ደግሞ ሰዓት የሚያሳልፉት ነዎት፤ የጀመሩትን ስፌት ሳይጨርሱ አይነሱም፤ ሲጣሩ ውሃው ሄዷል።»

«ወላሂ፣ ክር መሐል ላይ ጥዬ ልነሳ?» አለ ልብስ ሰፊው ተከፍቶ።

«እኔን ነው የተበላሸች ያልሽኝ? ነገ ከኔ ሱቅ ስኳር አለ ወይ በይና ነይ» አለች የሱቋ ባለቤት።

«አይቆጡ እትዬ። እናንተ ቀላሎቹ ናችሁ። ሦስት ስለሆናችሁ የአንዳችሁን ጉድለት ሁለቱ ይሸፍኑታል። የሚያስፈራው አራተኛው ዓይነት ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ይህን ጊዜ ግን ከፍርሃት አልነበረም። «አራተኛው አይሞትም፣ አይዘልም፣ አይዘገይም። ለአንዱ አንድ ነገር ይናገራል፣ ለሌላው የዚያን ተቃራኒ። ብቻውን ስታየው ከሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ሦስት ሆናችሁ አንዱ እንደዚህ ከሆነ፣ ሁለቱ ተነጋግረው እንኳ ማን እንደዋሸ አያውቁም። አራተኛ ሰው ያስፈልጋል።»

«ውሸት!» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ ዋሾን በአረማመዱ ነው የማውቀው።»

«እኔ ደግሞ ሱቅ ከፍቼ ስንቱን ዋሾ አሳልፌአለሁ» አለች የሱቋ ባለቤት። «ሦስት ሰው መሐል ተደብቆ? አይሞከርም።»

እንግዲህ ልብ በሉ። አይሞከርም ያልኩት እኔ አይደለሁም። ሌሊቱን ግን እግሬን በላኝ፣ እጄን በላኝ።

ጠዋት ልጄ ወደ ሥራ ሄደች። ፈተናዋ በማግስቱ ነበር፤ ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ልትለማመድ ተቀጣጥረናል። ረፋዱ ላይ የቧንቧዎቹ ፉጨት ተጀመረ። የእኔው ጠብ አይልም። ተነሥቼ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ልብስ ሰፊው ዞርኩ። «እኔ ጋ መጥቷል» አልኩት። ከዚያ በሌላው ማዕዘን ዞሬ የሱቋ መስኮት ላይ ደረስኩ። «እኔ ጋ ድርቅ ነው» አልኳት። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴን ፀሐይ ላይ አደረግኩ።

ልብስ ሰፊው ጋ ቧንቧው ትንሽ ተፍቶ ነበር። የእኔንና የራሱን ደመረና ሁለት ሆነለት። ለዚያ ቀን ስፌቱን እንኳ ሳይጨርስ ተነሥቶ፣ «ውሃ መጣ!» ብሎ ተጣራ። ደረጃው በጀሪካን ጩኸት ተሞላ። የሱቋ ባለቤት ከሱቋ ወጣች።

«ማን ነው መጣ ያለው? የኔ ደረቅ ነው፣ የሱም ደረቅ ነው!» ወደ እኔ ጠቆመች።

«ምን? አሁን እኮ እኔ ጋ መጥቷል ብሎኝ ሄደ!»

«ለኔ ድርቅ ነው ብሎኛል! በአፉ! እዚህ መስኮት ላይ!»

«እትዬ፣ ደንበኛ ይዘሽ አልሰማሽም በይ እንጂ ሰው ላይ አትዋሺ።»

«እኔ ነኝ ዋሾ? ፉጨት በሰማህ ቁጥር ሕዝብ የምታወርደው አንተ!»

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሁለቱንም በየዋህነት አየኋቸው። «እኔ የነገርኳችሁን ነግሬአችኋለሁ» አልኩ። ቃል በቃል እውነት ነው። የሚያስቀው ነገር ማንም እኔን አለመጠርጠሩ ነው። ሸበቶ ጥሩ ነገር ነው። ብሎኩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ልብስ ሰፊው ሁልጊዜም እንዲህ ነው አለ፣ ግማሹ እሷ ዛሬም ረስታ ነው አለ። ባዶ ጀሪካን የያዘ ሰው ደግሞ ለጠብ አያስቸግርም።

ከልቤ እየሳቅሁ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ። ከምሳ በኋላ የሱቋ ባለቤት ለልብስ ሰፊው ክር አልሸጥም አለች። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አንሥቶ ወደ ሌላው ብሎክ ጥግ ወሰደው። ገብቼ ላስታርቅ ብሞክር ሁለቱም፣ «አንተ ጨዋ ሰው ነህ፣ በዚህ አትግባ» አሉኝ። እንደዚህ ተከብሬ አላውቅም፤ እንደዚህም ጨንቆኝ አያውቅም። ማታ ልጄ የምትለማመድበት ሰው የለም ማለት ነው።

አመሻሽ ላይ ልጄ ከሜክሲኮ በእግሯ መጣች። አግዳሚው ላይ እኔ ብቻ ነኝ።

«ሌሎቹስ?»

«ተጣልተዋል።»

«በምን?»

ነገርኳት። መጀመሪያ በአጭሩ፣ ፊቷን ሳይ በረጅሙ ነገርኳት። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጣለችው። ግቢው መሐል ሄዳ ቆመች።

«እትዬ! ይውጡልኝ! ጋሼ! እርስዎም ይምጡ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አላውቅም። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሁሉ ቀጥ አሉ። የሱቋ ባለቤት ወጣች፤ ልብስ ሰፊው ከሌላው ብሎክ መጣ፤ በመሐላቸው ሁለት ሰው የሚያሳልፍ ርቀት አድርገው ቆሙ።

«ማንኛችሁም አልዋሻችሁም!» አለች። «ትናንት የነገርኳችሁ አራተኛው ዓይነት ይኸውላችሁ!» ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «ለእርስዎ፣ ጋሼ፣ መጣ አለ፤ ለእርስዎ፣ እትዬ፣ ደረቅ ነው አለ። እናንተ ደግሞ የሰማችሁትን በታማኝነት ተነጋገራችሁ፤ በታማኝነታችሁም ተጣላችሁ! በአረማመዱ አውቀዋለሁ ያሉት ጋሼ፣ አወቁት? አላወቁትም! ሊያውቁትም አይችሉም! ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፣ ሦስት ስለሆናችሁ ነው! የሞተ ክፍል ቢሆን ዝም ሲል ይለያል። የሚዘል ቢሆን ደግሞ ይጠየቃል፤ የሚዘገይ ቢሆን ጊዜ ይቆረጥለታል። ይሄ ግን ጤነኛ መስሎ ፀሐይ ይሞቃል!»

እንደዚያው ቀጠለች። ስንጥቁን፣ የሚንጠባጠበውን፣ ያልተጣደውን ድስት፣ ብልጭ የሚለውን፣ የሚመላለሰውን፣ የማይለቀውን፤ ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ላይ ያሉት በረንዳውን ተደግፈው ሰሙ። አንድ ጊዜም መሬት አላየችም። ስትጨርስ ነፍሰ ጡሯ ከአራተኛ ፎቅ አጨበጨበች።

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ የሱቋን ባለቤት አየ። «እትዬ፣ አውፍ በይኝ።»

«አንተም አውፍ በለኝ። ይሄን ሽማግሌ ግን ምን እናድርገው?»

«ጣሪያ ላይ አውጥተነው ፀሐይ ይሙቅ፤ ይወድ የለ።»

ፍርዱ ተሰጠ። የነፍሰ ጡሯን ጀሪካን እስክትገላገል ድረስ ወደ ላይ የማወጣው እኔ ሆንኩ። ዕድሜዬን ቆጥረው ባለትንሹን ጀሪካን ፈቀዱልኝ። የብሎኩን ዘበኛም አራተኛ ጠሪ አድርገው ሾሙብኝ፤ ከእኔ ቃል በኋላ የእሱ ቃል ካልተሰማ የእኔ እንደማይቆጠር በአደባባይ ተነገረ።

ልጄ እራት ላይ ፊቷን አዞረችብኝ። እኔም ሳህኗ ላይ ሥጋውን እየመረጥኩ አደረግኩላት፤ በላችው። ልትተኛ ስትነሣ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ድምፄን ሰማኸው?»

«እስከ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።»

«አሁንም ተቆጥቻለሁ።»

«ነገ ድረስ ተቆጪ» አልኳት። «እንዳይበርድብሽ።»

በማግስቱ ሦስታችንም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ውሃ መጥቶም እንደሆነ የሰማ የለም፤ ዘበኛው ብቻውን ሲጣራ ዋለ፣ ሁለተኛ ስለሌለውም ማንም አልወረደለትም። ልጄ ከሰዓት በኋላ መጣች። ከአረማመዷ ምንም አይነበብም፤ ልብስ ሰፊው ሞክሮ ተወው።

«እንዴት ሆነ?» አለች የሱቋ ባለቤት።

«ስነሣ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ» አለች። «ከዚያ አንዱ መላጣ ፈታኝ የአባዬን ዓይነት ፊት አድርጎ ፀሐይዋ በመስኮት የምትገባበት ቦታ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ወዲያው ንዴቴ መጣ። በኛ ብሎክ ሦስት ውሃ ጠሪዎች አሉ ብዬ ጀመርኩ።»

«እኔን ምን አልሽኝ?» አልኳት።

«አራተኛው ዓይነት። መላጣው፣ እንዲህ ያለውን ክፍል ነቅሎ መጣል አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የትኛው እንደሆነ ካወቁ ይንቀሉት፤ ካላወቁ ግን ዙሪያውን አብዝተው አብረውት መኖር ነው አልኩት። ደግሞ አባቴ ነው፣ ወዴት እጥለዋለሁ አልኩ። ሳቁ።»

ቋሚ ሆነች። ደብዳቤው የመጣው በሌላው ሳምንት ነው። ሐዋሳ ደወልንና እህቷ አትመጣልኝም ብላ በስልክ አለቀሰች፤ እኔ አብሬ የማለቅስ መስዬ ስልኩን ዘጋሁና ሱቅ ወርጄ ለሁሉም ለስላሳ ጋበዝኩ።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤው ውስጥ ነበር፤ አዲስ ቋሚዎች የማታ ፈረቃ ይጀምራሉ። ስለዚህ ልጄ ቀረችልኝ ስል፣ ማታ ትወጣለች፣ ቀን ትተኛለች። መኝታ ቤቷ መስኮት ደግሞ በቀጥታ ግቢው ላይ ነው። የሱቋ ባለቤት ለብሎኩ ሁሉ አስጠነቀቀች፤ ልጅቷ እስክትነሣ ማንም ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ።

አሁን ውሃ ሲመጣ የኛ ብሎክ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው ጫማውን አውልቆ ወደ እኔ ይመጣና በጆሮዬ ይነግረኛል። እኔ የሱቋ መስኮት ላይ ሄጄ በጣቴ እጠቁማለሁ። እሷ ለዘበኛው በቅንድቧ ትነግረዋለች። ከዚያ አራታችን በየደረጃው እንወጣና በየበሩ ላይ በአንድ ጣት አንኳኩተን፣ «ውሃ መጣ» እያልን እናንሾካሹካለን። ሰዉ ጀሪካኑን አቅፎ በእግሩ ጣት ይወርዳል። ትናንት ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የራሴን በር ላንኳኳ እጄን አነሣሁና አስታወስኩ። ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ። ታንኮራፋለች። ትንሽ ሰማኋትና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።